ከማድማት በፊት የዕጣን ዛፎች ይቆጠሩ፤ የቦታውም ካርታ ይነሣ

በካናዳ ኩቤክና በአሜሪካ ቨርሞንት የሜፕል ዛፍ ጣፋጭ ውሃ የሚያመርቱ ገበሬዎች የፕላስቲክ ቱቦ ከመዘርጋታቸው በፊት የዛፎቹን ቦታና የመሬቱን ከፍታ በካርታ ላይ ያሰፍራሉ። ፈሳሹ ያለ ሞተር ኃይል ወደ ማጠራቀሚያው የሚደርሰው መስመሩ ሳያቋርጥ ሲያዘቀዝቅ ነው። ቱቦው ከረገበ ፈሳሹ እዚያው ይተኛል። ስለሆነም ካርታው የሥራው መጀመሪያ ነው።

የእኛ ዕጣን ግን በቱቦ አይወርድም። በመተማም ሆነ በአበርገሌ፣ ከቅርፊቱ ቁስል የወጣው ሙጫ ሲደርቅ በእጅ ይለቀማል። ዳገቱን የሚወጣው የሰው እግር ነው። አድሚው በበጋው ወራት ወደ አንዱ ዛፍ ደጋግሞ ይመለሳል። ክፍያው በኪሎ ከሆነ ለሰፈሩና ለውሃው የቀረበውን ዛፍ አብዝቶ ቢያደማ፣ በአፋፉ ላይ ያለውን ቢተው አያስደንቅም። ጥፋቱን በአድሚው ላይ ብቻ መጣል ግን ተገቢ አይደለም። እኛ ባለሙያዎችም በሥልጠና ላይ ስለ ቁስሉ ጥልቀትና ብዛት ስንናገር፣ ዛፉ ስንት እንደሆነና የት እንደሚገኝ ሳንጠይቅ ቆይተናል።

የዚህ ዋጋ ቀላል አይደለም። በኤርትራ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ካልተደሙ ዛፎች የተገኘ ዘር ከመቶ 80 በላይ ሲበቅል ከሚደሙት የተገኘው ከመቶ 16 በታች መሆኑን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ተተኪ ችግኝ ባለመኖሩ የዕጣን ምርት በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ገምቷል። እሳትና ልቅ ግጦሽም የችግሩ ተካፋዮች ናቸው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ማኅበር ማድማት ከመጀመሩ በፊት የሚከተሉትን እንዲፈጽም እናሳስባለን፦

1ኛ/ ኮረብታው በሸንተረሩና በጎርፍ መውረጃው ተከፋፍሎ ንድፉ ይሠራ፤ ውሃውና ሰፈሩም ይመልከቱበት።

2ኛ/ በየክፍሉ ያሉት ዛፎች በውፍረታቸው ተለይተው ይቆጠሩ። በደረት ከፍታ ዲያሜትራቸው 10 ሴንቲ ሜትር ያልሞላው ይመዝገቡ እንጂ አይድሙ።

3ኛ/ የአድሚዎች መንገድ ቁልቁልና ሽቅብ ከሚሆን ይልቅ ተዳፋቱን አግድም ተከትሎ ይቀየስ። የእጅ ስልክ የዛፉን ቦታ ለመመዝገብ ይረዳል፤ የሚሰጠው ከፍታ ግን በብዙ ሜትር ሊሳሳት ስለሚችል መንገዱ ለእርከን ሥራ በምንጠቀምበት የውሃ ልክ ይፈተሽ።

4ኛ/ ከክፍሎቹ አንዳንዱ በየተራ ከማድማት ይረፍ፤ ከከብትም ይከለል።

«ለዚህ ሁሉ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚሉን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቆጠራው ድካም አለው፤ ዳገቱም አይቀርም። ነገር ግን በየዓመቱ መደገም ያለበት ሥራ አይደለም። አንድ ጊዜ በሚገባ ከተሠራ በኋላ የሞተውንና የበቀለውን እያረሙ መቀጠል ይቻላል።

ጥቅሙም ለዛፉ ብቻ አይደለም። ካርታ በሌለበት ማኅበር ሜዳው ለማን፣ ገደሉ ለማን እንደሚደርስ የሚወሰነው በዕድል ወይም በትውውቅ ነው። ካርታ ካለ ግን ገደሉ የደረሰው አድሚ የዛፉ ቁጥር እንዲቀነስለት ወይም ክፍያው እንዲሻሻልለት ማስረጃ ይዞ መጠየቅ ይችላል። የልማት ሠራተኛውም «ይህ ክፍል ዘንድሮ ይረፍ» ሲል የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ያልተቆጠረ ዛፍ መሞቱ አይታወቅም። በመጪው መስከረም የማድሚያው ብረት ከመሳሉ በፊት የቆጠራው መዝገብ ይከፈት።