ሽሬደር ከመግዛትዎ በፊት ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ያንብቡ

በቦንጋም ሆነ በጅማ፣ በመርካቶም ቢሆን፣ ቆሎ ሲገዙ የሚጠቀለልልዎትን ወረቀት ገልጠው አንብበው ያውቃሉ? አንዳንዴ የተማሪ የፈተና ወረቀት ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ የአንድ መሥሪያ ቤት ፔይሮል፣ ስምና ደመወዝ ከነፊርማው። አሮጌ ወረቀት በኪሎ ይሸጣል፤ ሻጩም ገዢውም ምን እንደተጻፈበት አይጠይቁም። ይህ ንግድ የቆየ ነው፤ ብዙ ሰውም ይተዳደርበታል። ጥያቄው ምን ዓይነት ወረቀት ወደዚያ ሚዛን መሄድ የለበትም የሚለው ነው።

ቦንጋ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቢሮው በዝቷል፤ ቢሮ ሲበዛ ወረቀት ይበዛል። በቡናው በኩልም እንደዚሁ ነው። የኦርጋኒክ ምስክር ወረቀት የሚፈልግ ማኅበር የእያንዳንዱን ገበሬ ስም፣ የማሳውን ስፋትና የምርቱን መጠን መዝግቦ መያዝ አለበት። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ደግሞ ቡናው የበቀለበት ማሳ የት እንደሆነ በካርታ ነጥብ ይጠይቃል። የገበሬው መሬትና ገቢ በወረቀት ላይ ነው ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷልና የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት እንዲጠብቀው ሕግም ያስገድደዋል።

እንግዲህ ሽሬደር ይገዛ ተባለ። ግዢ ክፍሉ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ይመርጣል። (የጨረታ ሰነዱ ላይ «ወረቀት መቁረጫ» ብሎ የጻፈ፣ የፎቶ ኮፒ ቤት መቁረጫ ቢመጣለት በነጋዴው ላይ አይፍረድ።) ዝቅተኛ ዋጋ ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን በቁመቱ ብቻ የሚሰነጥቀው ማሽን ነው። እዚህ ላይ ነው ገንዘቡ የሚባክነው።

ለምን ቢሉ፣ ኤ-4 ወረቀት ወርዱ 210 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሰንጣቂ 35 ረጃጅም ክር ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ1979 ቴህራን የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ በተያዘ ጊዜ ሠራተኞቹ የሰነጠቁትን ሰነድ ኢራናውያን ክር በክር ገጣጥመው በመጽሐፍ አሳትመውታል። የእኛ ፔይሮል ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። ሠንጠረዡ ሰፊ ስለሆነ ወረቀቱን አጋድመን እናትማለን፤ የሽሬደሩ አፍ ግን ብዙውን ጊዜ ከ22 ሴንቲ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ወረቀቱ የሚገባው በአጭር ጎኑ ነው። ስለዚህ ቢላው የሚሰነጥቀው በመስመሩ ላይ ነው። አንዱ ክር ላይ የአንድ ሠራተኛ ስም፣ ደመወዝና የተጣራ ክፍያ በሰልፍ ተደርድሮ ይወጣል። መግጠም እንኳ አያስፈልግም፤ ማንበብ ብቻ ነው።

በቁመትም በአግድምም የሚቆርጠውን ይግዙ። ዲን 66399 በሚባለው የጀርመን መለኪያ ማሽኖች ከፒ-1 እስከ ፒ-7 ደረጃ አላቸው። ፒ-4 የሚባለው እያንዳንዱ ቁራጭ ከ160 ካሬ ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያደርጋል፤ አንዱ ኤ-4 ወደ 390 ቁራጭ ይሆናል። ለዞን መምሪያ፣ ለማኅበር፣ ለግል ድርጅት ይህ ይበቃል። ፒ-5 እና ከዚያ በላይ ያለውን ነጋዴው ቢያሞግስልዎትም ተዉት፤ ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚውጠው ወረቀት ያንሳል፣ ዋጋውም ይወጣል።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «በአንድ ጊዜ 10 ወረቀት» የሚለው ነው። እርስዎ ግን በትንሹ የተጻፈውን ይፈልጉ፤ ስንት ደቂቃ ሠርቶ ስንት ደቂቃ ያርፋል? ትንንሾቹ ጥቂት ደቂቃ ሠርተው ሞተራቸው ስለሚግል ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆማሉ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሲወርድ ደግሞ ሞተሩ ቶሎ ይግላል። በከፋ ሌላም ጣጣ አለ። ዝናቡ ብዙ ነው፤ መጋዘን የከረመ ፋይል እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥብ ወረቀት ቢላው ላይ ተጠቅልሎ ይነክሳል። ስለዚህ 10 የተባለውን ማሽን በ6 ያብሉት፣ ፋይሉን አድርቀው፣ የፋይል ብረቱን ነቅለው። ከማሽኑ ጋር የቢላ ዘይትም ይግዙ። ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ ቦንጋ ካልተገኘ ማሽኑ ጅማ ወይም አዲስ አበባ መጓዙ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ከሆነ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ነው። ዋስትናውን ማን፣ የት ሆኖ እንደሚፈጽመው በፕሮፎርማው ላይ ያጽፉ።

በየክፍሉ አንድ አንድ ትንሽ ሽሬደር የሚያከፋፍል መሥሪያ ቤት ግን ምን እንዳሰበ አይገባኝም። ለአንድ ሕንፃ አንድ ጠንካራ ማሽን፣ አንድ ኃላፊና አንድ መዝገብ ይሻላል። ምን እንደተቆረጠ፣ መቼና በማን ትእዛዝ እንደሆነ ካልተጻፈ ሽሬደር የጉድለት መደበቂያ ይሆናል። ኦዲተር ሲመጣ ደረሰኙ «ተቆርጧል» የሚባልበት ቢሮ ከቆሎው ወረቀት የባሰ ነው። የመንግሥት መዝገብ በጽሕፈት ቤት ኃላፊ ፈቃድ ብቻ አይወገድም፤ በአዋጅ ቁጥር 179/1991 መሠረት የቤተ መዛግብት ጉዳይ ነው። ነጋዴም ቢሆን የሒሳብ ሰነዱን ሕግ ያዘዘውን ያህል ዓመት ማስቀመጥ ስላለበት፣ ሒሳብ ሠራተኛውን ሳይጠይቅ ማብሪያውን አይንካ።

መብራት የሌለው ወይም በወር አንድ እፍኝ ወረቀት የሚያስወግድ የገጠር ማኅበርስ? እርሱ ባይገዛ ይመረጣል። እሳትም አይመከርም፤ የረጠበ ፋይል ዳሩ ተቃጥሎ መሃሉ ይተርፋል። በርሜል ውስጥ ውኃ ሞልቶ ወረቀቱን ቀዳዶ መዘፍዘፍ፣ በማግስቱ ገንፎ እስኪመስል በዱላ መምታት፤ ወጪው አንድ በርሜል ነው። ከቡና ገለፈት ጋር ተቀላቅሎ ብስባሽ ይሆናል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ብቻ አይግባበት፤ ወረቀቱ በኬሚካል የተቀባ ነው።