ሕጉ ልጆቹ የገቡበትንም ቤት ይጠይቅ

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ የት እንደሚኖር የሚወስነው አሳዳሪው መሆኑን ይደነግጋል። ልጁ ያለ አሳዳሪው ፈቃድ ከዚያ ቦታ መውጣት አይችልም፤ ቢወጣም አሳዳሪው እንዲመለስ ሊያስገድደው ይችላል። ድንጋጌው ወላጅ ለልጁ ኃላፊ ነው ከሚል እምነት የመነጨ ስለሆነ አንነቅፈውም። ቅሬታችን ሕጉ ደጃፍ ላይ መቆሙ ነው። ልጆቻችን ደጃፉን አልፈው ከሄዱ ቆይተዋል።

ለትምህርት ሲሉ ከገጠር ቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ የሚመጡትን እንውሰድ። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ። ቅዳሜ አገራቸው ገብተው የሳምንት ስንቃቸውን፣ እንጀራውንና ሽሮውን፣ በሶውን ተሸክመው እሑድ ማታ ይመለሳሉ። የወጡት በወላጅ ፈቃድ ነውና የጣሱት ሕግ የለም። ይሁን እንጂ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በራሱ የተዋዋለው የኪራይ ውል ሊፈርስ ስለሚችል ነገሩ በቃል ያልቃል። አከራዩ በመንፈቅ ዓመቱ አጋማሽ ኪራይ ቢጨምር ወይም «ነገ ልቀቁልኝ» ቢል የሚሟገትላቸው አይገኝም። ለሴት ተማሪዎች ደግሞ ጉዳዩ ከኪራይም ያልፋል፤ ሌሊት በር ሲንኳኳ የሚጠሩት አባት የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ይገኛል። ወላጅ ፈቃድ መስጠቱ ብቻ ልጅን አይጠብቅም። ትምህርት ቤቶች ተማሪ ሲመዘግቡ የሚያድርበትን ቤትና የአከራዩን ስም አብረው መያዝ አለባቸው። ውሉንም ወላጁ ራሱ መጥቶ ይፈርም። ይህ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

ለሥራ የሚወጡት ይዞታ ግን ከዚህ የከፋ ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ተነሥታ አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ የምትወርደው የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚቀበላት ዘመድ ነኝ ባይ ወይም ደላላ ነው። ደላላው ኮሚሽኑን ተቀብሎ ቤት ያስገባታል። አሠሪዋ ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቅ ተያዥ አምጪ ይሏታል። ደመወዟ ቢቀር፣ ብትደበደብ ወይም ብትደፈር ለእሷ ተያዥ የሚሆን ማን ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ እንዲሁም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም። ጥበቃው መልካም ነው፤ የቤት ሠራተኛዋ ጋ ግን አይደርስም። አዋጁ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከራሱ ወሰን አውጥቶ የሥራ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን አድርጓል። ደንቡ ለረጅም ዓመታት ሲጠበቅ ቆይቷል። እስከዚያው ያላት መሠረታዊ ከለላ ከአሠሪው ቤተሰብ ጋር የምትኖር ሠራተኛ ጤናዋና ሥነ ምግባሯ እንዲጠበቅ የሚያዘው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ቤተሰቡ ሲተኛ የምትተኛ ልጅ ይህን ሕግ ይዛ ፍርድ ቤት ትቀርባለች ብሎ ማሰብ እውነታውን አለማወቅ ነው።

«ወደ ቤቷ ትመለስ» የሚለው መልስም ሁልጊዜ ቅን አይደለም። ያለ ዕድሜዋ ልትዳር ስትል ሸሽታ የወጣች ልጅ አለች። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ማግባትን በእስራት ይቀጣል፤ ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ቅጣቱ እስከ 7 ዓመት ይደርሳል። እንግዲህ ፖሊስ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛ ይህችን ልጅ አሳፍሮ ለአባቷ ሲያስረክብ አንዱን ሕግ እያስከበረ ሌላውን እንዳያስጥስ ምን ያረጋግጣል? የቤተሰብ ሕጉ ግዴታውን የማይወጣ አሳዳሪ በፍርድ ቤት እንዲሻር መንገድ አለው። 14 ዓመት የሞላው ልጅም ጥቅሙ የሚጠይቅ ከሆነ በፍርድ ቤት ውሳኔ ከአሳዳሪና ከሞግዚት ሥልጣን ነፃ ሊወጣ ይችላል። እነዚህን በሮች ልጆቹ አያውቋቸውም፤ የሚያውቋቸው ባለሥልጣናትም ወደ እነሱ አይመሯቸውም። በተቃራኒው ጋብቻ በራሱ ልጅን ነፃ ያወጣል። ለሸሸችው ልጅ ሕጉ ያወቀላት ቀላል መንገድ የሸሸችው ነገር መሆኑ ያሳዝነናል።

ስለዚህ አቋማችን ይህ ነው፦ ማንኛውም ልጅ ወደ ወጣበት ቤት ከመመለሱ በፊት ለምን እንደወጣ ወላጁ በሌለበት ይጠየቅ፤ መመለሱ አደጋ ካለው ጉዳዩ ለፍርድ ቤት ይቅረብ። ሕጋዊ የሥራ ዕድሜ የደረሰ ወጣት በቤት ሠራተኛነት ሲቀጠር ቅጥሩ በወረዳ ይመዝገብ፤ ከዚያ በታች ያለን ልጅ የቀጠረም ያስቀጠረው ደላላም አብረው ይጠየቁ። የሚኒስትሮች ምክር ቤትም የቤት ሠራተኞችን ደንብ ሲያጸድቅ ለወጣት ሠራተኞች የተደነገገውን የ7 ሰዓትና የሌሊት ሥራ ክልከላ ሳይሸራርፍ ያስገባ። የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር እና የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ረቂቁን በጋራ ያቅርቡ። ይህን ለማድረግ የሚያስችል አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ በ2011 የወጣው አዋጅ ለምክር ቤቱ ሥልጣኑን ሰጥቷል።