ስለ እረኛና ስለ መብረቅ

ከደባርቅ ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጣው መንገድ ጨነቅ ሲደርስ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚያ አገር ሣርና ጅብራ ብዙ ነው፤ ረጅም ዛፍ ግን ጥቂት ነው። በክረምት ማለዳው ብሩህ ይሆንና ከቀትር በኋላ ደመናው ከገደሉ ሥር ይነሣል፤ ወዲያውም ነጐድጓድና በረዶ ይከተላል። በዚያን ሰዓት በጎቹን ይዞ በሸንተረሩ ላይ የቆመ ልጅ በዙሪያው ካለው ምድር ሁሉ ከፍ ብሎ ይታያል፤ መብረቅም ብዙ ጊዜ ከፍ ያለውን ይመታል።

ልጁ ወደ ታች ሊወርድ ይችል ነበር። የማይወርደው በጎቹ ቢበተኑ በቤት በትር እንደሚጠብቀው ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የላኪው ነው እንጂ የልጁ አይደለም። በግ ቢጠፋ ይፈለጋል፤ ቢሞትም በሌላ ይተካል። ስለዚህ የመንጋው ጌታ ልጁን በማለዳ ሲልክ፥ «ነጐድጓድ በሰማህ ጊዜ በጎቹን ተዋቸውና ውረድ፤ ማንም አይቈጣህም» ብሎ ሊነግረው ይገባል። ማታም አንዲት ጠቦት ጐድላ ቢያገኝ ቃሉን መጠበቅ አለበት፤ ይህ ከመናገሩ ይልቅ ይከብዳል።

መብረቅ የመታውን ሰው ኀጢአተኛ ነበር የሚሉ አሉ። ይህ ነገር እውነት አይደለም፤ ለሟቹ ቤተ ሰዎችም ሁለተኛ ሐዘን ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በሩዋንዳ አገር ለጸሎት በቤተ ክርስቲያን ከተሰበሰቡት ሰዎች መካከል 16ቱ በመብረቅ ሞቱ። በጎንደርም አፄ ኢያሱ ያሠሩት የመጀመሪያው ደብረ ብርሃን ሥላሴ በመብረቅ እንደ ጠፋ ይነገራል። በ2008 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ደግሞ በኖርዌይ አገር በአንድ ተራራማ ሜዳ 323 አጋዘኖች መብረቅ መትቷቸው ሞቱ። አጋዘን ምን ኀጢአት ሠራ?

አጋዘኖቹ ያን ያህል በዝተው የሞቱበት ምክንያት ግን ለእረኛ ትምህርት ይሰጣል። መብረቅ ምድርን ሲመታ ኀይሉ በአፈሩ ውስጥ ወደ ዙሪያው ይሰራጫል። የከብት የፊትና የኋላ እግሮች ተራርቀው ስለሚቆሙ ኀይሉ በአንዱ እግር ገብቶ በሰውነቱ አልፎ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ዝናብ የያዘው ልጅ ከመንጋው መካከል ይራቅ፤ መሬት ላይም አይተኛ። ወደ ዝቅተኛ ስፍራ መውረድ ካልቻለ ሁለቱን እግሮቹን አጋጥሞ ቍጢጥ ይበል። ይህም ቢሆን ሌላ መንገድ ሲጠፋ የሚደረግ ነው እንጂ መጠጊያ አይደለም።

ብቻውን የቆመ ዛፍ ከዝናብ ይከልላል፤ መብረቅን ግን ይጠራል። እረኞች የሚወዱት የድንጋይ ጥላም እንደዚሁ አደገኛ ነው፤ በአለቱ ላይ የወረደው ኀይል ከጣሪያው ወደ ሰው ሊዘል ይችላል። የሣር ጎጆም ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድንም። ከሁሉ የሚሻለው ትልቅና ጽኑ ሆኖ የተሠራ ቤት ነው፤ በመንገድ አጠገብም ጣሪያው ብረት የሆነ ዝግ መኪና ቢገኝ መልካም ነው።

ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ድረስ ልጁ ይቍጠር። 3 ሰኮንድ 1 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 30 ሳይቈጥር ከሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ይቀርባል፤ ከዚያ ርቀትም ሊደርስበት ይችላል።

መብረቅ የመታውን ሰው መንካት የሚፈሩ ብዙዎች ናቸው። በሰውነቱ ውስጥ ግን የሚቀር የመብረቅ ኀይል የለም። መተንፈስ ያቆመውን ሰው ደረቱን መካከል በሁለት እጅ ደጋግሞ በኀይል በመጫንና እስትንፋስ በመስጠት ብዙ ጊዜ ማዳን ይቻላል፤ ፈርቶ የቆመ ጎረቤት ያን ጊዜ ያሳልፈዋል።

ልጁም የመጨረሻው ነጐድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ ድረስ ከተጠለለበት አይውጣ። ከዚያ በኋላ በጎቹን ለመሰብሰብ ገና ብርሃን አለ።