የቧንቧው ጫፍ ፖርት ሱዳን ነው

«ሀብት ያለው ክልል ከተገነጠለ ሀብቱ ለራሱ ይቀራል፤ ድህነቱም ያበቃል» የሚለው ሰሞኑን የታተመ ክርክር ለጆሮ ይጥማል። ጸሐፊው ግን የደቡብ ሱዳንን መዲና ጁባን ዘለዋታል።

ደቡብ ሱዳናውያን በጥር 2003 ዓ.ም. ድምፅ ሲሰጡ ከመቶ 99 ያህሉ ነፃነትን መረጡ። ለአሥርተ ዓመታት በጦርነት የተፈጀ ሕዝብ ነበርና ምርጫውን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ሐምሌ 2 አዲሲቱ አገር ስትወለድ ከሱዳን ነዳጅ ሦስት አራተኛው ያህል የእሷ ሆነ።

ነዳጁ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቧንቧና ወደቡ ፖርት ሱዳን ግን ሰሜን ቀሩ። ከስድስት ወር በኋላ በማስተላለፊያ ክፍያ ከካርቱም ጋር የተጣላችው ጁባ ነዳጇን ራሷ ዘጋች፤ 98 በመቶ የሚሆነው የመንግሥት ገቢ ከዚያው ነዳጅ ይመጣ ነበር። በሚያዝያ 2004 ዓ.ም. ሁለቱ ጦሮች በድንበሩ የነዳጅ ሥፍራ በሄግሊግ ተዋጉ። መስከረም 2005 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቢስማሙም ነዳጁ እንደገና መፍሰስ የጀመረው ከወራት በኋላ ነው።

ከዚህ የከፋው የመጣው ከውስጥ ነው። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. የፕሬዚዳንቱ የሳልቫ ኪርና የቀድሞ ምክትላቸው የሪክ ማቻር ሽኩቻ ወደ እርስ በርስ ጦርነት ተለወጠ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ጋምቤላ ገቡ። እነዚህን እናቶችና ሕፃናት ከአገራቸው ያሳደደው ካርቱም አልነበረም።

ጸሐፊው መብትን ከትርፍ ጋር አምታተዋል። ሕዝብ ዕጣውን የመወሰን መብት አለው፤ ብልጽግና ግን ከባንዲራው ጋር አይታደልም። በ2016 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት በቧንቧው ላይ ጉዳት ሲያስከትል የጁባ ዋና ገቢ እንደገና በእጅጉ ተጎድቶ ነበር።