በክፉ ቀንና በደግ ቀን ተመስገን ስለ ማለት

በወልድያና በመርሳ መንገድ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ሰላምታቸው ቶሎ አያልቅም። አንዱ «እንደምን አደርህ?» ይላል፤ ሁለተኛው «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል። ቀጥለውም ስለ ልጆቻቸው፥ ስለ ከብታቸው፥ ስለ አዝመራቸው ይጠያየቃሉ፤ ለያንዳንዱም ጥያቄ መልሱ ያው «ተመስገን» ነው። በሀብሩ ክርስቲያንና እስላም በአንድ መንደር አብረው ይኖራሉና፥ የእስላሙ ጎረቤት መልስ «አልሐምዱሊላህ» ይሆናል። ላሙ የሞተችበትም ሰው፥ ላሙ የወለደችለትም ሰው አንድ ቃል ይመልሳሉ። ስለዚህ ይህን ሁልጊዜ የሚሰማ ልጅ፥ ቃሉ ከልማድ እንጂ ከልብ የወጣ አይደለም ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም።

በርግጥ ልማድ ነው። ነገር ግን ልማድ ሁሉ ባዶ አይደለም። ሰው እንጀራም የሚበላው በልማድ ነው፤ ቢሆንም ያጠግበዋል።

ነገሩ የሚከብደው በቤት ውስጥ ማጣት ሲገባ ነው። የሀብሩ ቆላ ዋና እህል ማሽላ ነው። ማሽላ ትዕግሥት የሚፈልግ እህል ነው፤ በበልግ ዝናም በሚያዝያ ተዘርቶ፥ ክረምቱን ሁሉ በማሳው ላይ ቆሞ፥ በኅዳር ይታጨዳል። ሰባት ወር ያህል መሆኑ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ የገበሬው ዓይን ከሰማይ አይነቀልም። የበልጉ ዝናም የቀረ እንደ ሆነ ገበሬው በሐምሌ ያንኑ መሬት እንደ ገና አርሶ ጤፍ ይዘራበታል፤ ጤፉም ካልሆነ፥ ክረምቱ ሲወጣ በመሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። ሦስት ጊዜ ዘር ከጎተራ ወጣ ማለት ነው፤ ጎተራው ግን ገና ምንም አልገባበትም።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ዓመት፥ በሐምሌ ወር፥ የአንድ ገበሬ ልጅ ማለዳ ሲነቃ አያቱ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው «ተመስገን» ሲሉ ሰማቸው እንበል። ልጁም ማታ ጥቂት ንፍሮ ብቻ ቀምሶ ያደረ ነውና፥ «እማማ፥ ምን አግኝተን ነው የምናመሰግነው?» ብሎ ጠየቀ። አያቲቱም «ልጄ፥ ንጋትን ገና ሳልለምነው አነጋልኝ፤ አንተንም አስነሥቶ አስጠየቀህ፤ ይህ ምንም አይደለምን?» ብለው መለሱለት።

መልሱ መልካም ነው፤ ደግሞም እውነት ነው። ነገር ግን ለልጁ አይበቃውም፤ ርቦታልና። ልጁም መጠየቁ ድፍረት አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከርሱ የሚበልጡ ሰዎች ከዚህ የጠነከረ ጥያቄ ጠይቀዋል፤ እግዚአብሔርም ስለ መጠየቃቸው አልጣላቸውም።

በቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደልን ከቈጠረ በኋላ መልእክተ ዮሐንስን፥ ቀጥሎም ወንጌሉን ያነባል፤ ከዚያም ዳዊት ይደግማል። በዳዊቱ መጽሐፍ መጨረሻ ጸሎተ ነቢያት የሚባለው ክፍል አለ፤ በዚያም ውስጥ የነቢዩ የዕንባቆም ጸሎት ይገኛል። ስለዚህ ብዙ የወሎ ልጅ ትርጓሜውን ሳያውቅ ይህን ጸሎት በግዕዝ እየጮኸ ደግሞታል። ትርጓሜውን ባወቀ ጊዜ ግን የራሱን አገር ያገኝበታል። ዕንባቆም ስለ በለስ፥ ስለ ወይን፥ ስለ ወይራ ዘይት፥ ስለ እርሻ፥ ስለ በግና ስለ ላም ይናገራል፤ ይህ ሁሉ ቢጠፋ እንኳ በአምላኩ ደስ እንደሚለው ይገልጣል። የመርሳ ሰው በበለስና በወይን ፈንታ ማሽላ፥ ጤፍ፥ በመስኖ የሚለማውን ብርቱካንና ማንጎ ቢያኖርበት ጸሎቱ የርሱ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንባቢው ቀስ ብሎ ይመልከት። ዕንባቆም «ምንም አልጎደለብኝም» አላለም። የሚጎድለውን ሁሉ በየስሙ እየጠራ፥ እንደ ዕዳ ቈጣሪ አንድ በአንድ ቈጠረው። ምስጋናው የመጣው ከቈጠራው በኋላ ነው። ኢዮብም እንዲሁ ነው፤ የልጆቹን ሞት በሰማ ጊዜ መጀመሪያ ልብሱን ቀደደ፥ ራሱን ተላጨ፥ ከዚያ በኋላ በምድር ላይ ተደፍቶ ሰገደ። ያለቀሰው ያመሰገነው ያው ሰው ነው። በዳዊትም ውስጥ ከልቅሶ የሚጀምር መዝሙር ብዙ ነው። እንግዲህ በመከራ ጊዜ ማመስገን ማለት መከራውን መልካም ነው ብሎ መጥራት አይደለም፤ እያለቀሱ ከአምላክ እጅ አለመውጣት ነው። ልጅ እናቱ ብትመታው የሚሸሸው ወደዚያችው ወደ እናቱ ጉያ እንደ ሆነ ሁሉ፥ እንዲሁ ነው።

ይህን አጣምመው የያዙ ሰዎች አሉ። ራሳቸው ጠግበው ሳሉ የተራበውን «ዝም በል፥ ተመስገን በል» ይሉታል። «ለጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የተባለው ስለ እነዚህ ነው። የኢዮብ ወዳጆችም እንዲህ ነበሩ፤ በአመድ ላይ ለተቀመጠው ሰው ስብከት አበዙበት፤ በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቈጣው በኢዮብ ላይ ሳይሆን በነርሱ ላይ ነው።

ይህ ስሕተት በወሎ ምን ያህል እንዳስከፈለ የሚያሳይ ነገር አለ። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም. ዝናሙ ጎደለ። የቆላው ገበሬ መጀመሪያ ከብቱን፥ ቀጥሎም የቤቱን ዕቃ ሸጠ፤ የሚሸጠው ሲያልቅ ልጆቹን ይዞ ከደሴ ወደ ሰሜን በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ተሰበሰበ። መርሳም ወልድያም በዚሁ ጎዳና ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ሰዎች በመንገዱ ላይ ቆመው አውቶቡስ እያስቆሙ ምግብ ለመኑ። ሹማምንቱ ግን የአገር ስም እንዳይጠፋ ብለው ነገሩን ሸሸጉ። በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ ለሕዝብ አሳዩ፤ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ደግሞ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም በአገሩ በቴሌቪዥን ታየ፤ ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ ሰማ። እህሉ ከሩቅ አገር እስኪመጣ ድረስ ግን ብዙ አሥር ሺህ ሰው አልቆ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ፥ ይህ የተሸሸገ ረሀብ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ የባሰ ረሀብ በዚሁ አገር ላይ ተመለሰ።

በዚያ ጎዳና ዳር ከተኙት መካከል «ተመስገን» እያለ የሞተ ሰው ብዙ መሆኑ አያጠራጥርም፤ የአገሩ ሰው ልማድ ይህ ነውና። የርሱ «ተመስገን» ንጹሕ መሥዋዕት ነው። የሸሸገው ሹም ግን «ተመስገን፥ አገር ደኅና ነው» ቢል፥ ይህ ምስጋና ሳይሆን ሐሰት ነው። ሁለቱ አንድ ቃል ተናገሩ፤ በእግዚአብሔር ጆሮ ግን አንድ አይደሉም።

ጳውሎስና ሲላስ በፊልጵስዩስ በበትር ተደብድበው፥ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፥ በእኩለ ሌሊት በወኅኒ ሲዘምሩ እስረኞች ይሰሟቸው ነበር። ይህን ታሪክ የማያውቅ ክርስቲያን ጥቂት ነው። የማለዳውን ነገር የሚያስታውስ ግን ያነሰ ነው። በነጋ ጊዜ ሹማምንቱ በስውር ሊለቋቸው ፈለጉ፤ ጳውሎስ ግን ያለ ፍርድ በአደባባይ ደብድበውን በስውር አንወጣም፥ ራሳቸው መጥተው ያውጡን ብሎ እንቢ አለ። ሌሊት የዘመረው አፍ ጧት ፍርድ ጠየቀ። መዝሙሩ ፍርድን አላስረሳውም፤ ፍርድ መጠየቁም መዝሙሩን አላበላሸበትም። የሀብሩ ገበሬ ሲራብ «ተመስገን» ቢል፥ ደግሞም ተነሥቶ «ርቦናል» ብሎ ቢጮኽ፥ የጳውሎስን መንገድ ተከተለ።

ስለ ማጣት ይህን ያህል ከተባለ፥ ስለ ማግኘት የሚባለው አጭር ነው፤ ነገር ግን ከፊተኛው የሚከብድ ይመስላል። ጌታችን ዐሥር ለምጻሞችን ባነጻ ጊዜ ሊያመሰግን የተመለሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ሳምራዊ ነው። ዐሥሩም በመከራቸው ጊዜ በአንድነት ጮኸዋል። በደስታቸው ጊዜ ግን ዘጠኙ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ክፉዎች ነበሩ ተብሎ አልተጻፈም፤ ምናልባት ቤተ ሰባቸውን ለማየት ቸኵለው ይሆናል። ደስታ እንዲህ ነው፤ ያስቸኵላል። የተራበ ሰው የሚያንኳኳው የእግዚአብሔርን በር ነው፤ የጠገበ ሰው ግን በሩን የሚያስታውሰው እምብዛም ነው።

በቅርቡ ዘመን የሆነውም ይህን ያሳያል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እህሉ ለአጨዳ በደረሰበት ሰዓት የአንበጣ መንጋ በሰሜን ወሎ ላይ ወረደ። ሰው ልጅ አዋቂ ሳይል ወደ ማሳው ወጥቶ ቆርቆሮ እየመታ፥ ጅራፍ እያጮኸ፥ ጨርቅ እያውለበለበ ተከላከለ፤ የተረፈለትም ያልተረፈለትም ነበር። ዓመቱ ሳይሞላ ጦርነት ደረሰ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ የወልድያና የአካባቢዋ ሕዝብ በጦርነት ውስጥ ኖረ፤ ብዙ ሰው ሞተ፥ ብዙ ሰው ተሰደደ፥ የመንግሥትም የግልም ንብረት ተዘረፈ። የልደት በዓል የመጣው ይህ በጸጥ ባለ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን ምእመናን እንደ ገና ወደ ላሊበላ ጎረፉ። በቤተ ማርያም ካህናቱ በዓለቱ አናትና ከታች ቆመው እየተቀባበሉ «ቤዛ ኵሉ»ን ዘመሩ። ከዘማሪውም ከሰሚውም መካከል ቤቱ ያዘነ ሰው ነበረ፤ ምስጋናውና ሐዘኑ በአንድ ነጠላ ሥር ሆነው ዋሉ። ያን ቀን ያመሰገነውን ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ነገር ግን የአንድ ሰው ምስጋና በቀጣዩ ዓመት፥ ቤቱ በተሠራ፥ ጎተራው በሞላ ጊዜ እንደዚያው የጋለ ነበርን? ይህ ጥያቄ ለያንዳንዱ ይቅረብለት።

በደግ ዘመን ምስጋና ከአፍ ይልቅ በእጅ ይታወቃል። «ተመስገን» ብሎ በሩን ዘግቶ የሚበላ ሰው፥ በሐምሌ አብሮት የተራበውን ጎረቤቱን በኅዳር ረስቶታል። ለዘር የተበደረውን እህል አሟልቶ የሚመልስ፥ ለድኃ ቃርሚያ የሚተው፥ ላሟ የነጠፈችባትን ጎረቤቱን ወተት የማይነፍግ ሰው ግን ምንም ባይናገር አመሰገነ።

ወደዚያው ወደ ሀብሩ ልጅ እንመለስ። በሚቀጥለው ዓመት የበልጉ ዝናም በጊዜው ጣለ እንበል። ማሽላው አደገ፥ ዘለላውን ጣለ፤ በመስከረምና በጥቅምት ልጆች ጥንቅሹን እየሰበሩ መምጠጥ ጀመሩ። እሸቱ በደረሰ ጊዜ አያቲቱ የመጀመሪያውን ዘለላ ቆርጠው በእሳት ጠበሱት። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ልጁም ዐመዱ እስኪራገፍ ድረስ መታገሥ አቅቶት እጁን ዘረጋ። አያቲቱ ግን እሸቱን በሰፌድ ላይ ፈልፍለው፥ ግማሹን በሳሕን ለዩና «በመጀመሪያ ይህን ለእነ አያ መሐመድ አድርስ፤ አምና በሐምሌ ያመጡልንን ሽምብራ ረሳኸውን?» አሉት።

ልጁ ሳሕኑን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። በመንገድ ላይ አንዲት ፍሬ እንኳ ወደ አፉ ሳያደርግ ደረሰ፤ የጎረቤቱም ሚስት «አልሐምዱሊላህ» ብላ ተቀበለችው፥ ሳሕኑንም ባዶውን እንዳይመለስ ብላ ሁለት ብርቱካን አኖረችበት። እየሮጠ ሲመለስ የርሱ ድርሻ ገና ትኩስ ነበረ።