ሞተሩ ለገመ ወይስ አየሩ ሳሳ?

በባሕር ወለል ከፍታ ላይ እንዲሠራ የተዘጋጀ ፈጣን የመዝናኛ ጀልባ ጣና ላይ ሲወርድ አነሳሱ ይከብደዋል። ነጂው ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ይሰጣል፤ ሞተሩ ያጓራል፤ የጀልባው አፍንጫ ሽቅብ ይቀናል፤ ጀልባው ግን በውሃው ላይ መንሳፈፉን ትቶ ውሃውን እያረሰ ይንፏቀቃል። በዚህ ጊዜ ለባለቤቱ ቶሎ የሚታየው መፍትሔ ተለቅ ያለ ሞተር መግዛት ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ምክንያቱን ለመረዳትም ከሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የራቀ ዕውቀት አያስፈልግም።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር መጠነ ይዘቱ ያው ነው፤ በውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ያንሳል፤ ስለዚህ ሊቃጠል የሚችለው ቤንዚንም ያንሳል። በተለመደው ግምት ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። እንግዲህ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠው ሞተር ጣና ላይ 33 ገደማ ይሆናል ማለት ነው።

ቁም ነገሩ ግን ከዚህ ይቀጥላል። አየሩ ሲሳሳ ውሃው አይሳሳም። ፕሮፔለሩ ጣና ላይ የሚገፋው ውሃ ከባሕሩ ውሃ እምብዛም የማይለይ ሲሆን፣ የሚያዞረው ሞተር ግን ደክሟል። መኪና ዳገት ሲገጥመው ማርሽ ይቀንሳል፤ እንዲህ ያለው ጀልባ ወደፊት የሚሄድበት አንድ ማርሽ ብቻ ነው።

ጉዳቱ በአነሳስ ላይ ለምን እንደሚብስ በምሳሌ እንመልከት። ፈጣን ጀልባ ከውሃው በላይ ተነሥቶ ከመንሸራተቱ በፊት ራሱ የፈጠረውን ማዕበል መሻገር አለበት። ይህን ለመሻገር 75 እጅ ኃይል ያስፈልጋል፣ በባሕር ወለል ያለው ገፊ ኃይል ደግሞ 100 ነው እንበል። ትርፉ 25 ነው፤ የፍጥነት ጭማሪ የሚገኘውም ከዚህ ትርፍ ነው። ገፊው ኃይል ወደ 83 ሲወርድ ትርፉ 8 ብቻ ይሆናል። ሞተሩ ያጣው ስድስተኛውን ያህል ነው፤ ጀልባው ግን ከፍጥነት ጭማሪው ሁለት ሦስተኛውን አጣ! ሁለት ተሳፋሪዎች ቢጨመሩ ይህችም ታልቃለች። አፍንጫው ሽቅብ እንደቀና የሚንፏቀቅ ጀልባ ነጂ ደግሞ ከፊቱ ያለውን ውሃ በቅጡ አያይም፤ ጣና ላይ ከፊት ሊኖር የሚችለው አንድ ዓሣ አጥማጅ የተቀመጠበት የደንገል ታንኳ ነው።

መፍትሔው ያለው ፕሮፔለሩ ላይ ነው። በፕሮፔለር ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች በኢንች ተጽፈው ይገኛሉ፤ አንደኛው ስፋቱ ነው፤ ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ ይኸውም ፕሮፔለሩ እንደ ብሎን ሳይንሸራተት ቢሄድ በአንድ ዙር የሚጓዘው ርቀት ነው። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀነስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ጀልባው የዘወትር ጭነቱን ይዞ፣ ቤንዚን እስከ መጨረሻው ተሰጥቶት የዙሩ ቁጥር ይነበብ። አምራቹ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር ብሎ ሳለ ሞተሩ 4,800 ላይ ከቆመ፣ ፒቹ ሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ያስፈልገዋል። የጠፋው ጉልበት በዚህ አይመለስም፤ የቀረው ግን በሥራ ላይ ይውላል። ዋጋውም ከአዲስ ሞተር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሞተሩ ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ለሳሳው አየር ይበዛበታል፤ ጥቁር ጭስና የጠቆረ ካንዴላ ምልክቱ ናቸው። ቤንዚን የሚያልፍበት ቀዳዳ በአነስተኛ መተካት አለበት። በኤሌክትሮኒክስ ቤንዚን የሚረጩት አዳዲስ ሞተሮች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ ኦክስጅኑን ግን እነሱም አያመጡትም። ሻጮች ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ለገዢው ቢነግሩት ምን አለበት? ጀልባው የሚሄድበትን ሐይቅ ከፍታ ጠይቀው ፕሮፔለሩን ቢመርጡ የብዙ ሰው ገንዘብ በዳነ ነበር።

ዝግ ብሎ የሚጓዘውን ትልቅ ጀልባ ይህ ችግር ያን ያህል አይነካውም፤ የራሱን ማዕበል ለመሻገር አይሞክርምና። የተስተካከለውን ፈጣን ጀልባ ወደ ጅቡቲ ይዞ የሚወርድ ቢኖር ግን የቀድሞውን ፕሮፔለርና የካርቡሬተር ቀዳዳ መልሶ ይግጠም፤ አለዚያ በወፍራሙ አየር የበረታው ሞተር ከተፈቀደለት ዙር አልፎ ራሱን ይጎዳል።