ማርስሊንን ሰይጣን አትበሏት

እህቶቼ፣ የማዳም ልጆች «አድቬንቸር ታይም» ሲያዩ «የሰይጣን ካርቱን ነው፣ አጥፉት» የምትሉ አላችሁ። እኔ አልስማማም። ማርስሊን የቫምፓየር ንግሥት ናት፤ ዕድሜዋ ከ1000 ዓመት በላይ፣ ደም ትታ የእንጆሪውን ቀይ ቀለም የምትመጥ፣ መጥረቢያዋን ጊታር አድርጋ የምትጫወት ጉደኛ። አባቷስ ጋኔን ነው፣ እሺ፤ አባቱን መርጦ የሚወለድ አለ እንዴ?

ልጅ ሳለች ከጦርነት በኋላ ፍርስራሽ መሃል ብቻዋን ስታለቅስ ያገኛት ሳይመን ነው። እሷን ከጭራቆች ለማዳን አስማተኛ ዘውድ ይደፋል። ዘውዱ ኃይል ይሰጠዋል፣ ግን አእምሮውን ይወስድበታል። በመጨረሻ ረሳት። እሷ አልረሳችውም።

እኔም ለልጄ ብዬ ነው የወጣሁት። ትናንት ስደውል በድምፅ ከእህቴ ልጅ ጋር አምታታኋት። «እማ፣ እኔ ነኝ እኮ» አለችኝ።